ከሠላሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ

አንድ ልብስ ሰፊ በአንዲት ደጋ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ መንበሩ ነው። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበረች፤ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። በከተማዋ የሚታወቀው ግን በስፌቱ አልነበረም። እንግዳ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ "ይሄ እኮ ለጓደኛው ሲል ሜዳሊያውን የተወው ሰው ነው" ይላል። እንግዳው ከንፈሩን ይመጥና ይጨብጠዋል። መንበሩም አንገቱን ይደፋል። አንገት መድፋት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ትሑት ሰውም የሚያፍር ሰውም አንገቱን ሲደፋ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

መንበሩ በወጣትነቱ በከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክለብ ውስጥ ሯጭ ነበር። ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር፤ ዛሬም የሚያስታውሱት ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። የፋብሪካው ጡሩምባ ለጠዋቱ ሥራ ሲነፋ አሥራ ሁለት ልጆች ከባሕር ዛፉ ጫካ ላባቸው እየጨሰ ይመለሳሉ። ለአሥራ ሁለት ሯጭ የነበረው የሰዓት መቁጠሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአሰልጣኙ በጋሽ ወንዳፍራሽ አንገት ላይ በጫማ ክር ተንጠልጥሎ ይውላል። ጫማ ያለው ለሌለው ያውሳል፤ እግሩ የበለጠበት ደግሞ የሸራውን አፍንጫ ቀዶ ይለብሰዋል። ከሩጫ በኋላ በአንድ ጣሳ በሶ ይቀባበላሉ። ወፍራሙ በሶ የሚገኘው ከታች ስለሆነ፣ ጠዋቱን ሙሉ አንደኛ ለመሆን ሲጋፉ የነበሩት ልጆች እዚያ ላይ መጨረሻ ለመሆን ይጋፋሉ።

በጫካ ሩጫ አንድ ልማድ አለ። ሯጮች በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ፊተኛው መንገድ ይመርጣል፣ ኋለኛው እሱ የረገጠበትን ይረግጣል። ጉድጓዱንና የዛፉን ሥር የሚያየው ፊተኛው ነው። ኋለኛው የሚያየው ተረከዝ ብቻ ነው። ፊት መሆን ስለሚያደክም በተራ ይቀያየራሉ። የመንበሩ ተራ ሲደርስ ግን የጫማው ክር ሁልጊዜ ይፈታ ነበር። ቁጭ ብሎ ክሩን አስሮ ሲነሳ ተራው አልፏል፤ ተመልሶም ከጓደኛው ከድሪባ ኋላ ይገባል። ድሪባ ረጅምና ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ተራውንም የመንበሩንም ተራ ፊት ሆኖ ይሮጥ ነበር እንጂ አንድ ቀን "ለምን?" ብሎ አልጠየቀም።

አንድ ዓመት ሁለቱ ወደ ዋናው ከተማ ለማራቶን ተላኩ። እስከ ስድስተኛ የሚወጣ ለብሔራዊ ቡድን ይመረጣል ተባለ። ሠላሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርሱ ድሪባ አምስተኛ፣ መንበሩ ከተረከዙ ሥር ስድስተኛ ነበሩ። እዚያ ላይ የድሪባ የባት ጅማት ተሸማቀቀ። ሁለት ሦስት እርምጃ አነከሰና ቆመ።

"ሂድ" አለው መንበሩን።

መንበሩም ቆመ።

"ሂድ እንጂ። አሥር ኪሎ ሜትር ነው የቀረህ።"

መንበሩ መንገዱን አየ። አራተኛው ሯጭ መታጠፊያውን አልፎ ተሰውሯል፤ ፊት ለፊቱ ባዶ አስፋልት ብቻ ነበር። ጥቂት አየውና መጥቶ ከድሪባ አጠገብ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። የደከመ ሯጭ የምትሰበስበው መኪና እስክትመጣ ድረስ አሥራ አንድ ሰዎች አለፏቸው።

ከተማዋ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስለ ጓደኝነት ንግግር አደረጉ። ቄሱም ሼኹም በየተራቸው ምሳሌ አድርገው ጠቀሱት። መንበሩ መጀመሪያ አፍሮ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ለምዶት ዝም አለ። ወሬ ደግሞ ሲያድር ይወፍራል። በአምስተኛው ዓመት ታሪኩ ላይ ሜዳሊያ ተጨመረበት፤ በአሥረኛው ዓመት ሜዳሊያው ወርቅ ሆነ። ክለቡ ፈረሰ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ጡሩምባው ዝም አለ። ታሪኩ ግን ቆየ። መንበሩም በእሱ ተዳረ፣ በእሱ ደንበኛ አፈራ፣ በእሱ የእድር ሽማግሌ ሆነ።

ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ለጓደኛው ሲል የተወ ሰው ካለ፣ ያስተወው ጓደኛም አለ ማለት ነው።

ድሪባ ከሩጫ በኋላ ወፍጮ ቤት ከፈተ። አንድ ቀን ጉልበቱ የተቀደደ የሥራ ልብሱን ይዞ ወደ መንበሩ ሱቅ መጣ። እሱ ተቀምጦ ሲጠብቅ አንድ ነጋዴ እንግዳ ይዞ ገባና ያችን የታወቀች ታሪክ አወራ። እንግዳው መንበሩን ጨበጠ። ከዚያ ድሪባን አየና፣ "ታዲያ ያ ጓደኛው ምን ሆነ?" ብሎ ጠየቀ። ነጋዴው ድሪባ ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ "እሱማ እንጃ፣ የሰው ዕድል ዘግቶ የት ይደርሳል ብለህ ነው" አለና ወጣ።

ድሪባ ተነስቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገው። ሁለቱም ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

"መንበሩ" አለ።

"አቤት።"

"ያን ቀን ደክሞህ ነበር?"

መንበሩ መቀሱን አስቀመጠ። "ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው አይደክመውም?"

"እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። ከኋላዬ ነበርክ፤ ትንፋሽህን እሰማው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጫካ ውስጥ ወሬ እያወራህልኝ ስትሮጥ የምትተነፍሰው ትንፋሽ ነበር።"

መንበሩ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ።

"ሂድ ያልኩህ ከልቤ ነው። የተቀመጥከው ለእኔ ብለህ አይደለም፤ እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ልጄ ግን አያውቅም። ሁለተኛ ክፍል እያለ ከትምህርት ቤት መጥቶ 'አባዬ፣ የጋሽ መንበሩን ወርቅ ያስቀረኸው አንተ ነህ?' አለኝ። አሁን ሚስት ሊያገባ ነው። እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።"

"ምን ላድርግልህ?"

"ለሰው ንገር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።"

መንበሩ እሺ አለ። በሚቀጥለው እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ተነሳ። ከፊቱ ስልሳ ሰው ተቀምጧል፤ ስልሳውም በፍቅር ያየዋል። "ያ እናንተ የምታወሩት ነገር" ብሎ ጀመረ፤ "እኔ እንኳን ያን ያህል... ማለቴ እንደምትሉት አይደለሁም።" ተንተባተበ። ሰዉ አጨበጨበ። "ትሕትናውን እዩልኝ" አሉ አንድ አዛውንት። መንበሩ ፊታቸውን አየና ተቀመጠ። ድሪባ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

በማግስቱ መንበሩ ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሄደ። አሰልጣኙ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። መንበሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ምንም አልደነቃቸውም።

"ተራህ ሲደርስ ክርህ እንደሚፈታ የማላይ መሰለህ?" አሉት። "ክር ማሰር ያቃተው ልጅ ልብስ ሰፊ ሆነ ሲሉኝ ለብቻዬ ስቄያለሁ።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል፣ ጋሼ?"

"አንተ ፊት መሄድ አልለመድክም። ያኔ የድሪባን ተረከዝ ተከተልክ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሰዉን ጭብጨባ ተከተልክ። ብቻውን ሮጦ የማያውቅ እግርና ብቻውን ተናግሮ የማያውቅ አፍ አንድ ናቸው። ያልሄድክበትን አሥር ኪሎ ሜትር ሂድ፤ ከዚያ ትናገራለህ።"

"በሃምሳ አንድ ዓመቴ?"

"ሠላሳ ዓመት በስፌት መኪና ላይ የጎበጠ ወገብ ለማራቶን እስኪቀና አምስት ዓመት ይፈልጋል። ቸኩለህ ከሆነ ግን አሁኑኑ ሄደህ መናገር ትችላለህ።"

መንበሩ መናገሩን አሰበው፤ ማራቶኑ ቀለለው።

ለድሪባ ሄዶ ሲነግረው ድሪባ በዱቄት የነጣውን ቅንድቡን ከፍ አደረገ። "አምስት ዓመት? እኔ እኮ የጠየቅሁህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው" አለና የወፍጮ ቤቱን በር ዘጋበት። የመንበሩ ሚስት የሺመቤት ደግሞ ባሏ በማለዳ ቁምጣ ለብሶ ሲወጣ አይታ፣ "በዚህ ዕድሜህ ማን እያባረረህ ነው?" አለችው። እሱም እውነትም የሚያባርረው ነገር ስለነበረው የጫማውን ክር አጥብቆ ወጣ።

የመጀመሪያው ዓመት የስህተት ዓመት ነበር። ጫካው ውስጥ ወጣት ሯጮች አገኘ፤ ትሑት ልጆች ናቸው፣ "አባባ፣ ይግቡ" ብለው ከሰልፋቸው መጨረሻ ቦታ ሰጡት። ከፊቱ ተረከዝ ሲያይ ደስታው ወሰን አጣ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ የተመለሰ መሰለው። ያ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ ያ የእግር ኮቴ፣ ያ ከፊት የሚመጣ ትንፋሽ ሁሉ እንደ ድሮው ነበር። እግሮቹ ግን እንደ ድሮው አልነበሩም። በሁለተኛው ወር ባቱ ተቀደደና ስድስት ሳምንት ተኛ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ሊጠይቁት መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉት። "ደግሞ ያንኑ አደረግክ፤ ከሰው ተረከዝ ኋላ ገባህ።"

"ፊቴ እግር ከሌለ አልችልም፣ ጋሼ። እግሬ የት እንደሚያርፍ አያውቅም።"

አሰልጣኙ አሰቡ። "እንግዲያው የራስህን ተከተል። በአቧራው መንገድ ላይ ዛሬ ትሮጣለህ። ነገ ስትመለስ የዛሬው ዱካህ እዚያው ይጠብቅሃል፤ እሱን እየረገጥክ ትሄዳለህ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ የትናንቱን ዱካ የሚያገኝ ትናንት የሮጠ ብቻ ነው።"

መንበሩ ይህን ትእዛዝ ያዘ። ሲድን ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ባለው በተተወው የፋብሪካ መንገድ ላይ ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር፤ ምንም ዱካ አልነበረምና ሁለት ጊዜ ቆሟል። በማግስቱ ግን የራሱን ኮቴ አገኘ። ትንንሽ እርምጃዎች ነበሩ፣ የቀኝ እግሩ ወደ ውጭ ይዞራል፤ በሕይወቱ አይቶት አያውቅም ነበር። እነሱን እየረገጠ ሄደ፤ መጨረሻቸው ላይ ሲደርስ መቶ እርምጃ ጨመረና ተመለሰ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

አንድ ቀን የቀረ እንደሆነ ንፋስ ወይም የሰው ከብት ግማሹን ዱካ ያጠፋዋል። ሁለት ቀን የቀረ እንደሆነ ምንም አያገኝም። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ስለሚያጥበው ዱካው የሚቆየው ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻ ነው፤ ጭቃው ላይ በልምድ ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል፤ እንቁላሉ ጉልበቱን ስንት ቀን እንዳመመው ግን ማንም አልነገረውም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እህቱ ሞተችና አሥራ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። ሲመለስ ዱካው ጠፍቷል። በጣም ከፋው። ያለፉትን ቀናት ለማካካስ ጠዋትም ማታም ይሮጥ ጀመር፤ በሳምንቱ ጉልበቱ አብጦ ወደ አሰልጣኙ እያነከሰ ሄደ።

"የሁዳዴን ጾም ብታፈርስ ከፋሲካ በኋላ ደርበህ ትጾመዋለህ?" አሉት።

"አልጾምም።"

"ያለፈው አልፏል። የዛሬውን ብቻ ሩጥ።"

እንዲህ እያለ ዓመት በዓመት ላይ ተጨመረ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይወጣል። የተዘጋውን ፋብሪካ ሲያልፍ የዛገውን በር፣ ከግቢው የበቀለውን ሣር ያያል፤ ጆሮው ያን ጡሩምባ ይጠብቃል። ከአሥራ ሁለቱ ልጆች አራቱ ሞተዋል፣ አምስቱ ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል፣ አንዱ ሹፌር ሆኖ የት እንደደረሰ አይታወቅም። በዚህ ከተማ የቀሩት እሱና ድሪባ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አይነጋገሩም። ያን በሶ ያስታውሳል። ድሪባ ሁልጊዜ ጣሳውን መጨረሻ ላይ ያገኝና ወፍራሙን ለእሱ ይተውለት እንደነበር ያስታውሰዋል። ይህን ሲያስብ እየሮጠ ያለቀሰበት ጠዋት አለ። ላብም ስለነበረ ማንም አላወቀም።

መንገዱ በድሪባ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በሩ ተዘግቶ ነው ያለፈው። በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘው። ድሪባ ውስጥ ሆኖ ወንፊት እያራገፈ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ፣ "ክንድህን ዝቅ አድርግ" አለው። መንበሩ ክንዱን ዝቅ አድርጎ አለፈ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ሰፋ፤ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ሁለት ጊዜ አሳጠረው።

በአራተኛው ዓመት አንድ ነገር ሆነ። ከከተማዋ ወጥቶ እስከ ተራራው ጫፍ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲመለስ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆም አለና ደነገጠ። ጠዋቱን ሙሉ ወደ ታች አላየም። ዱካው ይኑር አይኑር አላወቀም። ያየው ነገር ቢኖር ስንዴው መድረሱን፣ አንድ ገበሬ አጥሩን ሲያጥር፣ ፀሐይም ከጋራው ጀርባ ስትወጣ ነው።

አምስተኛው ዓመት ሞላና የማራቶኑ ቀን ደረሰ። መንበሩ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። በአውቶቡስ ወደ ዋናው ከተማ ሄደ፣ ቁጥሩን ደረቱ ላይ በራሱ መርፌ ሰፋ፣ ከብዙ ሰው መሃል ሆኖ ተነሳ። እስከ ሃያ ኪሎ ሜትር ድረስ ከፊቱም ከኋላውም ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ሰዉ ሳሳ። ጎበዞቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ለጨዋታ የመጡት ደግሞ ከኋላ ቀርተዋል። ሠላሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ብቻውን ነበር።

ቦታውን አወቀው። ሕንጻው ሁሉ ተለውጧል፤ መታጠፊያው ግን ያው ነው። አስፋልት ደግሞ ዱካ አይዝም። እግሩ በራሱ ቆመ። የውኃ ጠረጴዛው ጋ አንዲት ወጣት ነበረች፤ ከእሷ ራቅ ብላ የደከሙትን የምትሰበስበው መኪና በሯን ከፍታ ቆማለች። ሁለት ሰዎች ከውስጥ ተቀምጠው ሙዝ ይበላሉ። መኪናዋ ውስጥ ጥላ አለ፣ ወንበር አለ፣ ሰው አለ። መንበሩ አያት። ልቡ ያን ቀን እንደመታው መታ፤ ያኔ ነው እርግጠኛ የሆነው። ያን ቀንም ይህን ቀንም እግሩ አልደከመም። የፈራው ባዶውን መንገድ ነው።

ልጅቷ ውኃ እያቀበለችው፣ "አባቴ፣ በቃዎት?" አለችው።

መንበሩ ውኃውን ጠጣና ጠርሙሱን መለሰላት። "ገና ነኝ፣ ልጄ" አለና ሄደ።

ያንን አሥር ኪሎ ሜትር በምን ያህል ጊዜ እንደጨረሰው ለማንም አልነገረም፤ ሰዓቱ የሚያስደንቅ አልነበረም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያጨበጨበለትም ጥቂት ሰው ነበር። እሱ ግን አልቆጠራቸውም።

በሚቀጥለው እሑድ የእድሩ አባላት ሊቀበሉት ድንኳን ጣሉ። ምግብ ቀረበ። ከዚያ ያ አዛውንት ተነሱና የድሮውን ታሪክ ከወርቁ ጋር እንደገና ጀመሩት። መንበሩ ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ይቅርታ፣ አባቴ፣ ያኔ የጀመርኩትን ያስጨርሱኝ" አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። "ያን ቀን ድሪባ ሂድ ብሎኛል። ጉልበት ነበረኝ። የተቀመጥኩት ለእሱ ብዬ ሳይሆን ብቻዬን መሮጥ ፈርቼ ነው። ድሪባ ያስቀረብኝ ነገር የለም። እኔ ግን የእሱን ስም ሠላሳ አራት ዓመት አጉድፌ ኖሬአለሁ። ድሪባ፣ ይቅር በለኝ።"

አንዱ ከጥግ "ትሕትናው..." ሲል መንበሩ ዞሮ አየው። "ትሕትና አይደለም" አለው፤ ሰውየውም ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

አንዳንዶች አኮረፉ፤ ሰው የሚወደውን ተረት ሲቀሙት ያኮርፋል። የእድሩ ዳኛ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምቻለሁ" አሉ፤ "ሠላሳ አራት ዓመት ያድራል ግን አላሉኝም። እና አንተ ሰው፣ ይህን ለመናገር አምስት ዓመት መሮጥ ነበረብህ?"

"ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ይናገረው ይሆናል" አለ መንበሩ። "እኔ ግን ፈሪ ነኝ፤ ከመንገዱ መጀመር ነበረብኝ።"

ሰዉ ወደ ምግቡ ተመለሰ። ድሪባ ከተቀመጠበት ተነስቶ መጥቶ ከመንበሩ አጠገብ ተቀመጠ። መንበሩ ወቀሳ ጠበቀ፤ ምርቃትም ጠበቀ። ድሪባ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከሠላሳ ሁለት በኋላ መንገዱ ምን ይመስላል?" አለው።

መንበሩ ደነገጠ። ድሪባም መንገዱን አይቶት አያውቅም ነበር። መንበሩ ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ራሱ ፍርሃት ሲያስብ፣ ስለ ራሱ ዝና ሲጨነቅ፣ ያ አሥር ኪሎ ሜትር ለጓደኛውም እንደቀረበት አንድ ቀን አስቦ አያውቅም።

"መጀመሪያ ወደ ግራ ይታጠፋል" አለው። "ከዚያ ዳገት አለ።"

"ረጅም ዳገት?"

"ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገት።"

ድሪባ አሰበ። "እንኳንም ቀረብኝ" አለ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ድሪባ ከኋላ የተቀመጠውን ልጁን፣ አሁን የራሱን ልጅ ያቀፈውን ጎልማሳ፣ በእጁ ጠርቶ ከመሃላቸው አስቀመጠው።

"ቀጥል" አለው መንበሩን። "እኔና ልጄ እንስማ። ከዳገቱ በኋላስ?"

ወዳጆቼ፣ እኔ ከዚህ የተረዳሁት ይህን ነው። ድፍረት አንድ ቀን ድንገት የሚመጣ ነገር ይመስለናል፤ እንደ ጡንቻ ግን በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት እየተባለ የሚገነባ ነው። ሩቅ ያለውን ነገር የሚያደርስ የአንድ ቀን ጉልበት አይደለም፤ ትናንት የረገጡበትን ዛሬ መልሶ መርገጥ፣ ከዚያ መቶ እርምጃ መጨመር ነው። የቀረ ቀን ይቅር፤ የዛሬው አይቅር። ደግሞ ይህንም አትርሱ፦ እኛ ፈርተን በተቀመጥንበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ጥፋታችንን ተሸክሞ አጠገባችን ተቀምጧል። እኛ ተነስተን ካልሄድን እሱም አይነሳም።

እስኪ ዛሬ ለብቻችሁ ስትሆኑ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱን ካገኛችሁም ለምትወዱት ሰው ይህን ታሪክ ንገሩት። እናንተ "ሂድ" እየተባላችሁ የተቀመጣችሁት ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው? አጠገባችሁስ የተቀመጠው ማን ነው?